የክዳኑ ተራ

ሰኞ፣ የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ

ይህን ደብተር የገዛችልኝ ልጄ ናት። «እማዬ፣ ነገር ሲያበግንሽ እኛ ላይ ከምትወርጂ እዚህ ላይ ጻፊው» አለችኝ። ምክር ናት ስድብ ብዬ ሳሰላስል ከርሜ ይኸው ዛሬ ጀመርኩ። ዛሬ ደህና አድርጌ በግኛለሁ።

ክዳኑ ሊፈርስ ነው።

ክዳኑ የኅብረ ዜማ ቡድኔ የሚለማመድበት አዳራሽ ነው። እውነተኛ ስሙ በሩ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ረግፈው አልቀዋል። ክብ የኮንክሪት ጣሪያ ነው፣ መሃሉ ላይ አንድም ምሰሶ የለውም፣ ከሩቅ ሲያዩት የትልቅ ድስት ክዳን ስለሚመስል ሰው ሁሉ ክዳኑ ይለዋል። አባቶቻችን ጎረምሶች ሳሉ ለንግድ ትርኢት ብለው ሠሩት። ትርኢቱ አንድ ሰሞን ታይቶ ተረሳ፣ ክዳኑ ግን እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጎሚስታውና የጫማ ሱቆቹ ዙሪያውን ስለከበቡት ከመንገዱ የሚታየው አናቱ ብቻ ነው።

ማዘጋጃ ቤቱ ለስብሰባ ሞክሮት አልሆነለትም። ውስጡ ሲናገሩ እያንዳንዱ ቃል ጣሪያውን ዞሮ ይመጣና የሚቀጥለው ቃል ላይ ይወድቃል። አንድ ከንቲባ ንግግር ጀምሮ በገዛ ድምፁ እየተቋረጠ ሲቸገር ቆይቶ ተናዶ ወጣ ይባላል። እኛም ማንም ስላልፈለገው አገኘነው።

ዛሬ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሕንፃው አስጊ ነው፣ በባለሙያ ይጠናል፣ ኮሚቴ ይወስናል፣ ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ ይሆናል። ባለሙያው ማን እንደሆነ ራት ላይ ተረዳሁ። ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሾርባውን እፍ ይላል። ባሌ ነው።

ማክሰኞ፣ ከልምምድ መልስ

ሕግ ወጣ፤ ቤት ውስጥ ስለ ክዳኑ አይወራም። ያወጣው እሱ ነው። «ጥናቴን እስክጨርስ አትጠይቂኝ፣ እኔም አልነግርሽም» አለ። እሺ አልኩት። እሺ ያልኩበት ድምፅ ትንሽ ከፍ ስላለ ነው መሰል ልጄ ከክፍሏ ብቅ ብላ አየችን።

ለቡድኑ ነገርኳቸው። እኔ እንባ ስጠብቅ ባለመድኃኒቷ፣ የቀጫጭን ድምፆቼ አውራ፣ «ሌላ ቦታ ይሰጡናል እንዴ?» አለች።

«አዲሱ የወጣቶች ማዕከል ውስጥ ክፍል አለ ይላሉ።»

«እዛ እኮ ሽንት ቤቱ ውሃ አለው!» ፊቷ በራ።

«ወንበሩም ስፖንጅ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ። አሳልፈው ለሽንት ቤት ሸጡኝ። ደግነቱ ጎርናናው ነበረ። ጎርናናው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ስሙን ያወጣለት ድምፁ ነው። «እኔ የትም አልሄድም» አለ። «እዚህ አንዴ ዘፍኜ ሁለቴ እሰማለሁ። ሌላ ቦታ ማን እንዲህ ያደርግልኛል?»

ይኼ ቀልድ አይደለም። ወደ ቡድናችን አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምናስተምረው ዝም ማለት ነው፤ ዜማው ከዚያ በኋላ ይደረስበታል። ስንኙን ጨርሰን ዝም እንላለን፣ የመጨረሻው ቃል ጣሪያው ላይ ዞሮ ይመለሳል፣ እሱ ሲያልቅ ቀጣዩን እንጀምራለን። ያቺን ዝምታ «የክዳኑ ተራ» እንላታለን። ድሮ እጄን አንሥቼ ነበር የማስቆማቸው። አሁን ማንም እጄን አያይም፣ ትንፋሻቸው ራሱ ያውቀዋል።

ኢንጂነሩ ባሌ እንደ ወትሮው ውጪ መኪና ውስጥ ጋዜጣውን ዘርግቶ ጠበቀኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ሲያመላልሰኝ አንድ ቀን ገብቶ አልሰማንም። ዜማ ላይ ደንቆሮ ነው። የልደት መዝሙር ሲዘፍን ሻማው በራሱ ይጠፋል። በዚያ ዝናብ በኔ በኩል ያለውን መስኮት ከፍቶ ስለጠበቀኝ ወንበሩ ርሶ ቀሚሴ ከኋላ በሰበሰ።

«ለምን አትዘጋውም?»

«ማዞሪያው አልዞር አለኝ።»

ይኸው ነው የዛሬው ወሬያችን።

ሐሙስ፣ በችኮላ

ፊርማ ማሰባሰብ። እግሬ አለቀ። «ክዳኑን አድኑ» ስላቸው «የትኛውን ክዳን?» ይሉኛል። ጀርባዋን ለክዳኑ ሰጥታ ዕድሜዋን ሙሉ የነገደች ባለ ጫማ ሱቅ፣ «ውይ እሱ ቤት ነው እንዴ? የውሃ ማጠራቀሚያ ይመስለኝ ነበር እኮ!» አለችኝ። ፈረመች ግን። ለውሃ ማጠራቀሚያውም ቢሆን ትፈርም ነበር መሰለኝ።

የተማሪዎቼን ፈተና አላረምኩም። ነገ።

ዓርብ

ሕጉን የጣሰው ሕግ አውጪው ነው። ትከሻው ላይ የሲሚንቶ ብናኝ ተሸክሞ ገባና ገና ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ «ሲዘንብ የት የት ነው የሚያንጠባጥብባችሁ?» አለ።

«አይወራም አላልክም?»

«ለሥራ ነው።»

«ጠርዙ ላይ፣ በጎሚስታው በኩል።»

«መሃሉስ?»

«መሃሉ ደረቅ ነው። መቼም ነክቶን አያውቅም።»

«እ…» ብሎ እጁን ሊታጠብ ሄደ። ከሄደ በኋላ ነው የነቃሁት። ያንጠባጥባል ብዬ በገዛ አፌ መሰከርኩበት! ምነው አፌን በያዝኩ። ይኼ አፌ መቼ ነው ልብ የሚገዛው?

ቅዳሜ

ክዳኑን ልጠርግ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ልሰልል ነው የሄድኩት። ኢንጂነሩ መወጣጫ አቁሞ ከላይ ተሰቅሎ ጣሪያውን በመዶሻ ይመታል። ኮንክሪት ውስጡ የተቦረቦረ ከሆነ በድምፁ ይታወቃል አሉ። አንዴ ይመታል። ይቆማል። ድምፁ ዞሮ ዞሮ እስኪያልቅ ድረስ መዶሻውን አንጠልጥሎ ዝም ይላል። ከዚያ ሌላ ቦታ ይመታና አሁንም ይቆማል። ለመንግሥት ሥራ ማን ይቻኮላል! እንደዚህ እየተንቀራፈፈ ጥናቱን የዛሬ ዓመት ይጨርሰው ይሆናል። ቢሆንልኝ ደስታዬ ነበር።

ሳላስነቃው መጥረጊያዬን ይዤ ወጣሁ። በሩ ላይ ቆም ብዬ ትንሽ አየሁት። ከታች ሲያዩት መላጣው ሰፍቷል።

ማክሰኞ

ባለመድኃኒቷ የወጣቶች ማዕከሉን አይታ መጣች። ምንጣፉ እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል፣ መጋረጃው ከባድ ነው፣ ሽንት ቤቱ መስታወት አለው። ግማሹ ቡድን ልቡ ሸፍቷል። እኔም ቆጣ ብዬ፣ «የት እንደምንዘፍን አይደለም ጉዳዩ! እኛ የትም ብንቆም እንዘፍናለን። ጉዳዩ ሕንፃው ነው፣ ቅርስ ነው» አልኳቸው። ደህና ተናገርኩ። ጎርናናው ግን አንገቱን ነቀነቀ።

ከዚያ ሐሳቡ ብልጭ አለልኝ። ኮሚቴው የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበት ቀን አለ። ሁሉም ወረቀት ይዞ ያንባርቃል። እኛ ለምን አንዘፍንላቸውም? ክዳኑ ያፈራውን ቡድን በጆሯቸው ይስሙ! ሁሉም በአንድ ድምፅ ተስማሙ። እኔ ራሴ የደረስኩትን «ማን አለ ከማዶ»ን መረጥን።

ወንበሩ ዛሬም ርሷል። ዛሬ የበሰበሰው ሌላው ቀሚሴ ነው።

ዓርብ

ኮሪደር ላይ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። «እኔ የማየው ትዝታ አይደለም፣ ኮንክሪት ነው» ይላል። ከማዶ ያለው ሰው የሆነ ነገር ተናገረ። «አይ፣ እሷ ምንም አታውቅም። አልነገርኳትም» አለ።

አለቀ። ጽፎታል። ያፈርሰዋል።

እሑድ

ሕጉን እኔም ጣስኩት፤ ያውም በደንብ። ልብስ እያጣጠፍን ነበር።

«ያን ቤት ስትመታው ከርመሃል» አልኩት። «መምታት እንጂ መስማት የት ታውቅና! ጆሮ ቢኖርህ ኖሮ አንድ ቀን ገብተህ ታዳምጠን ነበር።»

ካልሲውን ከጓደኛው ጋር አገናኝቶ ጠቀለለና፣ «ይሆናል» አለ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ኩባያዎቹን ሊያጥብ ወደ ማድ ቤት ሄደ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። የታጠቡ ኩባያዎች ነበሩ እኮ፤ መልሶ ነው ያጠባቸው።

ከፍቶኛል። ያን ማለት አልነበረብኝም። የሰው ጆሮ እንደ አፍንጫ ነው፣ የተሰጠውን ይዞ ይኖራል።

ሰኞ

ዛሬ ከተጨማሪው ልምምድ ስመለስ የነዳችው ልጄ ናት። እሱ ሥራ አምሽቷል። ጠብታ ሲጀምር በኔ በኩል ያለውን መስታወት በአንድ እጇ ማዞሪያውን ዘወር ዘወር አድርጋ ዘጋችው።

«ማዞሪያው ተበላሽቷል ብሎኝ ነበር እኮ» አልኳት።

«ማን? አባዬ?» ብላ ሳቀች። ቤት እስክንደርስ በየመብራቱ ትስቃለች። ወጣትነት ደስ ሲል፣ በመስኮት ማዞሪያም ያስቃል።

ረቡዕ፣ በችኮላ

ነገ ነው። ነጭ ሸሚዝ ለሁሉም። ጎርናናው ቁልፉ አልደርስ ብሎታል፣ ባለመድኃኒቷ በመርፌ ቁልፍ ታግዘዋለች። ፀጉር አስተካካዩ ሁላችንንም ልከርክማችሁ ብሎ አስቸገረ። ኢንጂነሩ ጫማውን ወልውሏል። ምን ሊል እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ሐሙስ

እንዳልረሳው ከመጀመሪያው ልጻፈው። መቼም የምረሳው አይመስለኝም።

የማዘጋጃ ቤቱ መሰብሰቢያ ክፍል እንደ አልጋ ነው። መሬቱ ምንጣፍ፣ ግድግዳው መጋረጃ፣ ወንበሩ ሁሉ ስፖንጅ። የኮሚቴው ሰብሳቢ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ከሁሉም ሰው ዘግይተው የሚስቁ ሴትዮ ናቸው። ባሌ ከባለሙያዎቹ ተርታ ዳር ላይ ተቀምጧል፣ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እኛ በሦስት ረድፍ ቆምን። ጀመርን።

*ማን አለ ከማዶ፣ ድምፄን የሚሰማ?*

ከዚያ ዝም አልን። የክዳኑ ተራ ነዋ።

ክዳኑ ግን የለም። ቃሉ ምንጣፉ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ዘፋኞቼ አፋቸውን ከፈት አድርገው ይጠብቃሉ። እኔም እጠብቃለሁ! በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። እዚህ ክፍል ማንም እንደማይመልስልን አንዳችንም አላሰብነውም። ልምምዱን ሁሉ ያደረግነው ክዳኑ ውስጥ ነው።

ሰብሳቢዋ ያለቀ መሰላቸውና አጨበጨቡ። ቤቱ ሁሉ ተከተላቸው።

«እናመሰግናለን፣ አጭርና ያማረ ነው።»

«አላለቀም፣ እመቤቴ» አልኩ።

ሁለተኛውን ስንኝ ዘፈንን፣ ደግሞ ዝም አልን። አንዱ ማጨብጨብ ጀመረና ተወው። ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ቀጥሉ ብዬ እጄን አወዛወዝኩ፤ ግን እጄን ያየች አንድም ነፍስ የለችም። ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፣ ዝም በሉ ብዬ። ባለመድኃኒቷ ከአንገቷ እስከ ጆሮዋ ቀላች። የፀጉር አስተካካዩ ትከሻ ይንቀጠቀጣል፤ ሳቅ ነው ወይስ ለቅሶ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። «የትም ብንቆም እንዘፍናለን» ያልኩት ትዝ አለኝና መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ምንጣፍ ስለለበሰች እሷም አልተከፈተችልኝም።

ሦስተኛውን ስንኝ የዘፈንነው ለመሞት ነው። *…ድምፄን የሚሰማ?* አልንና አለቀልን ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«የ…ሚ…ሰ…ማ…»

ከባለሙያዎቹ ተርታ ነው። ድምፁ ከዜማው በታች ይሁን በላይ ለማለት ያስቸግራል፣ የትም አልነበረም። ጊዜው ግን! ክዳኑ በሚመልስበት ቅጽበት ጀመረ፣ ክዳኑ በሚሳሳበት ቦታ ሳሳ፣ ክዳኑ በሚጨርስበት ቦታ ጨረሰ። ዓይኔን ስገልጥ ባሌ ቆሟል። እጆቹ እንደ ተማሪ ከጎኑና ከጎኑ። ፊቱ እንደ ቲማቲም።

ጎርናናው ቀድሞ ነቃ። ቀጣዩን ስንኝ አነሣው፣ ሁላችንም ገባን። ዝም ስንል እሱ ይመልሳል፣ ሲጨርስ እኛ እንቀጥላለን። እስከ መጨረሻው እንዲህ ሄድን። የሳቀ ሰው አልነበረም ብል ውሸት ነው፤ ሳቁ ግን የሚያሸማቅቅ አልነበረም። እኔ አልሳቅኩም። አፍንጫዬን የምጠርግበት መሐረብ እፈልግ ነበር።

«እርስዎ የቡድኑ አባል ነዎት?» አሉት ሰብሳቢዋ።

«አይደለሁም። የሕንፃ ባለሙያው ነኝ።»

«ታዲያ ምን ማድረግዎ ነው?»

«እነሱ የተለማመዱበት ቤት እዚህ ጋ ይመልስላቸዋል። እዚህ ክፍል ስለማይመልስ… ቀዳዳ ሆነባቸው። ቀዳዳውን ሞላሁት።» ጉሮሮውን ጠራረገ። «ስለ ሕንፃው ደግሞ እንዲህ ነው። ጣሪያውን ዳር እስከ ዳር መትቼዋለሁ፤ ጤነኛ ነው። ውሃ የሚገባው በጠርዙ ብቻ ነው፤ እሱም ጎሚስታው አሮጌ ጎማ ስለከመረበት አሸንዳው ተደፍኖ ነው። ጎማው ይነሣ፣ አሸንዳው ይጠገን። የሚፈርስ ነገር የለም።»

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። «የቡድኑ መሪ ምንዎ ናቸው?»

«ባለቤቴ ናት። ሲመድቡኝ ለአለቃዬ ተናግሬያለሁ፣ ሌላ ሰው የለም ተባልኩ። ካላመናችሁኝ ሌላ ባለሙያ አምጡ። የመታሁበትን ሁሉ በኖራ አክብቤዋለሁ፣ እሱም ይምታውና ይስማው።»

«ይመጣል» አሉ ሴትዮዋ። «እኔም ሄጄ እሰማለሁ።» ከዚያ፣ ከሁሉም ሰው ዘግይተው፣ ሳቁ።

ወደ ቤት እየተመለስን ነው፣ መኪና ውስጥ።

«የት ጋ እንደሚመልስ በምን አወቅክ?» አልኩት።

መሪውን አጥብቆ ይዞ መንገዱን ብቻ ያያል። «መስኮቱ ክፍት ነዋ» አለ።

ይህን ሁሉ ዓመት። ስንት ክረምት። እኔ ስለ ቀሚሴ ስነታረክ።

ዓርብ፣ ከሳምንታት በኋላ

ሌላው ባለሙያ መጥቶ፣ መትቶ፣ ያንኑ ብሎ ሄደ። ኮሚቴውም ዛሬ ራሱ ክዳኑ ውስጥ ተሰበሰበ። ሰብሳቢዋ «ይህ ኮሚቴ…» ብለው ሲጀምሩ ጣሪያው «ሚቴ… ሚቴ…» ሲላቸው ደንግጠው ተዉት። ውሳኔውን በር ላይ ወጥተው ነው ያነበቡት። አይፈርስም። ጎሚስታው ጎማውን ያነሣል፣ አሸንዳው ይጠገናል፣ ረግፈው ያለቁት ፊደሎችም በር ላይ ይመለሳሉ። ባለመድኃኒቷ እጇን አውጥታ «የሽንት ቤቱስ ውሃ?» አለች። እሱም ተጨመረ። ደስ ብሎኝ ሳቅኳትና አቀፍኳት፣ ከዳተኛ ብትሆንም።

ከዚያ ዘፈንንላቸው። በየተራችን፣ እኛም ክዳኑም።

ማታ ከልምምዱ በፊት ባሌን መኪናው ድረስ ሄጄ ለመንኩት። «አሁንማ ታወቀብህ፣ ግባ።»

«አልገባም።»

«ምነው?»

«ዝፈን ትሉኛላችሁ» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ ጋዜጣውን እየዘረጋ፣ «ከዚህ ሲሆን ያምራል» አለ።

ሰማዩ ጠቁሯል፣ ሊዘንብ ነው። ከቤት ይዤው የመጣሁትን ላስቲክ በኔ በኩል ወንበሩ ላይ አነጠፍኩና መስኮቱን እስከ ታች ከፍቼለት ወደ ክዳኑ ገባሁ።